ቁልፏን ያላወቀች መኪና

ደብረ ብርሃን
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለዓብዱራህማን፤ አልዩ አምባ

አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበቱልኝ፣ አባዬ? እግርዎ እንዴት ሆነ? እናቴ ዙቤዳስ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከብርዱ በቀር የማማርረው የለም፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እየሠሩ በረደኝ ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

በእናንተ በኩል ያለው የስልክ አንቴና ከተበላሸ ወዲህ ድምፅዎን ሳልሰማ መክረሜ ከብዶኛል። ደግነቱ የአንኮበሩ ሚኒባስ ሹፌር ዘሥላሴ ደብዳቤ አድርስ ሲሉት እምቢ አያውቅም። ከአንኮበር ወደ እናንተ ደግሞ ገበያተኛ ይዞት ይወርዳል።

የጠየቁኝን ልመልስ። የለም፣ መኪናዋን ለቆራሌ አልሰጠሁም። የመኪናዋ ኮሚቴ ሰዎች በጭነት መኪና አስጭነው ሲልኳት «ለሚፈልጋት ቆራሌ ስጪልን» እንዳሉ አውቃለሁ። እርስዎም «እሺ በያቸው» ብለው ጽፈውልኛል። ይቅር ይበሉኝና እሺ አላልኩም። ያቺን ፒካፕ እኮ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለውን አዋጥቶ የገዛት ምጥ የያዛትን፣ የታመመውን ከቆላ ወደ ሐኪም እንድታወጣ ነው። እርስዎ ሹፌሯ ሆነው ክረምት ከበጋ ያንን ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ በእርሷ ተርፈው ያደጉ ልጆች አሉ። አሁን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ቃሬዛ ተመልሷል።

ደግሞም ስለ እርስዎ የሚወራው እዚህ ድረስ መጥቷል። «ጫት ሲቅም አድሮ መሪ ላይ ተኛ» ይላሉ አሉ። እኔ ግን በአደጋው ማግስት አንኮበር ጤና ጣቢያ መጥቼ ስጠይቅዎ ያሉኝን አልረሳሁም፦ «ጉም ነበር። መብራቱ ድርግም አለ፣ የመስታወቱ መጥረጊያም ቆመ። ገደሉ እንዳይበላን ወደ ተራራው ሰጠኋት» ነው ያሉኝ። ለእኔ ይህ ቃል ይበቃኛል። ለሌላው እንዲበቃ ደግሞ ምክንያቱን አገኘዋለሁ።

መኪናዋ ያለችው ቃለ አብ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋራዥ ነው። ባትሪ አስሮ ቁልፉን ገና ሲያስገባ ክላክሷ ብቻዋን ጮኸች፣ በሮቹ ራሳቸውን ቆለፉ፣ ፍሬቻ ሲነካ የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ጂኒ ሰፍሮባታል!» አለ። ቃለ አብ ግን አልሳቀም። «ሹፌሩን ጠይቂልኝ፣ ከአደጋው በፊትም እንዲህ ያደርጋት ነበር?» አለኝ። እስቲ ያስታውሱና ይጻፉልኝ።

ያን ቀን ወልዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎንዎ ተቀምጣ የነበረችው ደመቀችስ እጇ ጠገነላት? ሕፃኑስ?

ልጅዎ ፈሂማ

*

አልዩ አምባ
ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሂማ

ወዐለይኩሙስሰላም ወረሕመቱላህ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናትሽ ሁለቴ አስነበበችኝ፤ ሁለተኛው ላይ አለቀሰች። እግሬን ጠይቀሻል፤ ወጌሻው አስሮታል፣ ደህና ነው።

ደመቀች እጇ ገና እንደታሰረ ነው። ሕፃኑን ጭረት እንኳ አላገኘውም፤ አላህ በእቅፏ ውስጥ ሸሽጎታል። ባሏ ገብረአማኑኤል ግን የመኪናዋ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነውና ነገሩ በሁለት በኩል ቆጭቶታል። ለክርስትናውም ለሠርጉም ሲጠራኝ የኔን ምግብ በኔው ሰው አሳርዶ ለብቻ የሚያሰናዳልኝ ሰው ነበር። ዛሬ በደጄ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። አልፈርድበትም። ሚስቱንና አራስ ልጁን አደራ ሰጥቶኝ የመለስኩለትን ያውቃል።

ለኤሌክትሪሺያኑ ይህን ንገሪልኝ። ክረምት ሲገባ በሯ አልከፈት የሚልበት ጊዜ ነበር። ዝናብ ሲበረታም አንዳንዴ ክላክሷ ሳልነካት ትጮህ ነበር። መኪናም እንደ በቅሎ ቀን አላት፣ ትገግማለች ብዬ አለፍኩት።

አሁን ግን ተይው፣ ልጄ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ። ክርስቲያኖቹ ፍልሰታን ሲፈቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሽያጯን ይጨርሳል። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ በኔ ስም ከሰው አትጣዪ።

ባለፈው ሰኞ ከታች ከቆላ በቃሬዛ ስላወጧት ሴት ከሰማሽ አትጠይቂኝ። አላህ ይዘንላት ብለሽ እለፊው።

አባትሽ ዓብዱራህማን

*

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አስሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከረሙ? ለሟቿ አላህ ጀነትን ይወፍቃት። አትጠይቂኝ ስላሉኝ አልጠይቅዎትም። ነገር ግን ያን ካነበብኩ በኋላ ተይው የሚለውን ቃልዎን መፈጸም አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።

የጻፉልኝን ለቃለ አብ አነበብኩለት። ዝናብ ሲበረታ የሚለው ላይ ሲደርስ «ቆይ፣ እንደገና አንብቢው» አለኝ። ከዚያ የዓርብ ጾሙን ሳይፈታ ባዶ ሆዱን መኪናዋ ውስጥ በጀርባው ተንጋለለና ከመሪው በታች ያለውን ሽፋን ፈታ። መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን አወጣ። ዘንበል ሲያደርገው ውሃ ተንጠባጠበ። ከፈተው፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ እግሮች ዝገት በልቷቸው አረንጓዴ ሆነዋል።

«ይሄውልሽ ጂኒሽ» አለኝ። «ቦዲ ኮምፒውተር ይባላል። ሞተሩን የሚያዘው ሌላ ነው። ይሄኛው መብራቱን፣ ክላክሱን፣ መጥረጊያውን፣ የበሩን ቁልፍ ያዛል። እሱ ሲሰክር ሁሉም አብሮ ይሰክራል።»

ውሃው የገባው በፊት መስታወቱ ጠርዝ ነው። ማጣበቂያው ተሰነጣጥቆ ክረምት በመጣ ቁጥር በዳሽቦርዱ ውስጥ እየወረደ ሳጥኑ ላይ ይጠራቀም ነበር። «እንግዲያው ጉም ውስጥ መብራቱን ያጠፋው እሱ ነው በለኛ!» አልኩት። ቃለ አብ ግን ቸኩሎ የሚናገር ሰው አይደለም። «ሊያጠፋ ይችላል። አጥፍቷል ለማለት ግን ሞክሬ ላየው ይገባል» አለኝ።

ለእርሷ ዓይነት የሚሆን ሌላ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጣልን። ገጠመው። አባዬ፣ መብራቷ ቦግ ሲል ቢያዩ! ፍሬቻው በፍሬቻነቱ፣ መጥረጊያው በመጥረጊያነቱ ሠራ። ሞተሩን ለማስነሳት ቁልፍ ሲያዞር ግን ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ሞተሩ ወይ ፍንክች።

«ምነው?» አልኩት።

«ሳጥኑ ቁልፉን አላወቀውም፤ ካላወቀው ደግሞ ሞተሩ እንዲነሳ አይፈቅድም። አዲስ ገቢ ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ማስተዋወቅ አለብን። የሚያስተዋውቅ ማሽን ያለው ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ግን ሁለቱም ቁልፎች ባንድ ላይ መቅረብ አለባቸው፣ አለዚያ ማሽኑ አይቀበልም።»

አንደኛው ከመኪናዋ ጋር ነው የመጣው። ሁለተኛው እርስዎ ዘንድ ነውና እባክዎ በዘሥላሴ በኩል ቶሎ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ፈሂማ

*

አልዩ አምባ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሂማ

ወዐለይኩሙስሰላም። ሁላችንም ደህና ነን። ሁለተኛው ቁልፍ በአደጋው ጊዜ ሳይጠፋ አልቀረም። ፈልጌ አጣሁት። ለደከመበት ኤሌክትሪሺያን ምስጋናዬን አድርሺልኝና ነገሩ በዚሁ ያብቃ።

ዝናቡ በርትቷል። ልብስ ደርቢ።

አባትሽ

*

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አስሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ አጭር ነበረች፤ እኔም አሳጥራለሁ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ቁልፉ ጠፋ ማለትዎን አላመንኩም። እናቴ ቤት መርፌ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም።

እግሬ ደህና ነው ማለትዎንም አላመንኩም። ዘሥላሴ እስከ አልዩ አምባ ወርዶ ራሱ አይቶዎታል። ሊደብቀኝ ወሬ ቢቀይርም መጨረሻ ላይ ተናገረው። አጥንቱ ተጣሞ እንደያዘ፣ ጉልበትዎ እንዳበጠ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ እንደሚውሉ ነግሮኛል። ጤና ጣቢያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሂዱ ብሎ የጻፈልዎትን ወረቀት እምቢ ብለው ወደ ወጌሻ መሄድዎንም ያወቅኩት ከእሱ ነው። ለምን፣ አባዬ? መኪና የለም ብለው ነው? ወይስ ቅጣት ይገባኛል ብለው?

አሁን ደግሞ የእኔን ዜና ይስሙ። ቃለ አብ የተበላሸውን ኮምፒውተር መልሶ ገጠመና መብራትም መጥረጊያም አበራ። ከዚያ በጎማ ቱቦ ውሃ የፊት መስታወቱ ላይ እንዳርከፈክፍ አዘዘኝ። እሱ መኪናዋን በትከሻው ይወዘውዛት ጀመር። ብዙም ሳንቆይ መጀመሪያ ክላክሷ ለብቻዋ ጮኸች። ከዚያ መብራቱና መጥረጊያው ባንድነት ቀጥ አሉ። ደገምነው፤ ያው ሆነ።

ሰዎች «ክላክሱ ሲጮህ ሰምተናል፣ ተኝቶ ደረቱ አርፎበት ነው» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ክላክሱ የጮኸው ከተራራው ጋር ከመጋጨትዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ይህን መልሰው ቁልፉን ይላኩልኝ። ባይልኩልኝም ራሴ ወርጄ እወስደዋለሁ።

ልጅዎ ፈሂማ

*

አልዩ አምባ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሂማ

ወዐለይኩሙስሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ቁጣሽ ደርሶኛል። የናትሽን እናት መስለሻል፤ አላህ ይማራት፣ እሷም እንዲሁ ነበረች።

ቁልፉ አልጠፋም። ከአደጋው ጀምሮ ትራሴ ስር ነው።

ለምን እንደደበቅኩሽ ልንገርሽ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ «መብራቱ ጠፋ» ብዬ የነገርኩሽ አምኜ ነው። ከዚያ ግን እዚህ ተጋድሜ ሰው የሚለውን ስሰማ፣ ደጋግሜ ስሰማ፣ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ሌሊቱን አንዲት የታመመች አሮጊት አውጥቼ እንቅልፍ ሳልጠግብ የተነሳሁ ሰው ነበርኩ። ጫቱ ውሸት ነው፣ ድካሙ ግን እውነት ነበር። እንግዲህ የጠፋው የመኪናዋ መብራት ነው ወይስ የኔ ዓይን? ይህን ማወቅ ፈራሁ። መኪናዋ ተሸጣ ብትቀር የሚመረምራት አይኖርም፤ እኔም ሳላውቀው እሞታለሁ ብዬ ነበር።

ክላክሱ በፊት ነው በኋላ ላልሽው መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤሽን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ግን ደመቀች ሕፃኑን ባንድ እጇ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ከአደጋው ወዲህ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ አራስ ቤት ሆኜ ነው የቀረሁት። ደግሞም ባሌ አትሂጂ ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

«ዛሬስ ፈቀደልሽ?»

«ዛሬ አልጠየቅኩትም።»

ሕፃኑ ወፍሯል። ኪዳነወልድ ብለውታል። እናትሽ ተቀብላ አቀፈችው። እኔም አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ «ደመቀች፣ ልጄ ፈሂማ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። ክላክሱ መቼ ነው የጮኸው?» አልኳት።

«ቀድሞ ነዋ!» አለች፣ ይሄም ይጠየቃል እንደማለት። «ልጄ ደንግጦ ነቃ። እኔም "ኧረ ጋሼ፣ ሕፃኑን ቀሰቀሱብኝ" አልኩዎት። እርስዎም "እኔ አልነካሁም" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው መብራቱ የጠፋው። ረሱት እንዴ?»

ረስቼው ነበር፣ ፈሂማ። እኔ አልነካሁም ማለቴን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። እሷ ስትናገረው ግን ድምፄ ራሱ ጆሮዬ ላይ መጣ።

«ተኛ እኮ ነው የሚሉኝ» አልኳት።

«የተኛ ሰው መልስ ይሰጣል?» አለችኝ።

አልቅሻለሁ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ለአራስ ደግ አይደለም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሷ ግን አልሄደችም። ስትነሳ «ዛሬ ማታ ለገብረአማኑኤል እነግረዋለሁ። ባይሰማኝም እነግረዋለሁ» አለች።

ቁልፉን እናትሽ በጨርቅ ሰፍታዋለች። ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣው ሰው ተቀበይ።

ስለ እግሬ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

አባትሽ ዓብዱራህማን

*

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ደብዳቤዎን ከፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የሥራ ጓደኞቼ መርዶ የመጣብኝ መስሏቸው ከበቡኝ። ደስታ ነው ብላቸው ማን ይመነኝ።

ቁልፉ ደረሰ። ባለማሽኑ ልጅም መጣ። ማሽኑን ከመሪው ስር ሰካው፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ አስገብቶ ጠበቀ፣ አወጣው፣ የእርስዎን አስገባ። ሁላችንም ዓይናችንን ቀይዋ መብራት ላይ ተከልን። ጠፋች። ቃለ አብ «አንቺ አስነሺያት» ብሎ ከበሩ ገለል አለልኝ። ቁልፉን አንዴ ሳዞረው ተነሳች። የመስታወቱም ጠርዝ እንደ አዲስ ተጣብቋል፤ ሙሉ ቀን ዝናብ ላይ አቁመናት ጠብታ አልገባም። የተጋጨው የፊት አካሏም ተቃንቷል። መልኳ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይብሱን ግልፍተኛ መስላለች።

ገብረአማኑኤል መጥቶ እንደነበር ሰምተው ይሆን? ካፖርቱን እንደለበሰ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሰላምታ ሰጠሁት። «ሚስቴ ያለችኝን ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለ። ቃለ አብ አልተከፋም። አሮጌውን ሳጥን መልሶ ገጠመለት፣ ውሃውን አርከፈከፍኩ። ክላክሷ ጮኸች፣ መብራቱ ሞተ። «እንደገና» አለ። አደረግነው። «እንደገና።» በሦስተኛው እሱ ራሱ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይነካ። ክላክሷ ስትጮህበት እንደ ሕፃን ደነገጠ። ወርዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከዚያ «ሽያጩን አስቁሜዋለሁ። ስብሰባውን እኔ እጠራለሁ። የተናገርኩት በሕዝብ ፊት ነው፣ የምመልሰውም በሕዝብ ፊት ነው» አለኝ። የእግርዎን ነገር ስነግረው ግን ሻይ እንኳ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

አሁን እኔም የደበቅኩዎትን ልናገር። መንጃ ፈቃድ አለኝ። ከፋብሪካ ስወጣ እየተማርኩ ካገኘሁት ቆይቷል። ይቆጡኛል ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። የፊታችን ቅዳሜ መኪናዋን ነድቼ የማወርዳት እኔ ነኝ፤ ቃለ አብ ለመጀመሪያው ቀን ጎኔ ይቀመጣል። ቃሬዛ የሚጠብቅ ሕዝብ እያለ ሹፌር እስኪገኝ አንጠብቅም።

የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እርስዎ ነዎት፤ ወደ ሆስፒታል። እናቴ ልብስዎን ታዘጋጅ። እምቢ ቢሉ ከነአልጋዎ አስጭንዎታለሁ። ገብረአማኑኤልም ሲሄድ አንዱን የአልጋ እግር እኔ እይዛለሁ ብሏል።

ልጅዎ ፈሂማ

*

ደብረ ብርሃን፣ ሆስፒታል
መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሂማ፤ አልዩ አምባ

አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለሽ? እናትሽ አጠገቤ ናት፣ ሰላም በልልኝ ትላለች። አሁን ደግሞ እኔ ደጋ፣ አንቺ ፋብሪካውን ለቀሽ ቆላ ሆነን መጻጻፋችን ያስቃታል።

ስለ እግሬ ዘርዝረህ ጻፍ ብለሽኛል፤ ከእንግዲህ አልደብቅሽም። አጥንቱን ሰብረው አቃንተው ብረት አስገብተውለታል። በሁለት ክራንች ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ሐኪሙን «መኪና ለመንዳት፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ይቅርብዎ፣ አባት» አለኝ። የዚያን ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም። በማግስቱ በላሁ።

ስለ ስብሰባው የጻፍሽልኝን እናትሽ እስክትሰለች አስነብቤያታለሁ። ገብረአማኑኤል ቆሞ «ዓብዱራህማንን ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። አልተኛም። ነቅቶ ወደ ተራራው ባይሰጣት ሚስቴም ልጄም ዛሬ የሉም» ማለቱን። ይህን ለማለት ጀግና መሆን ያስፈልጋል። ባለፈው እሁድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አላነሳንም። ስለ ጤፉ አበቃቀል አወራን። ሲሄድ ግን ጫማዬን ከአልጋው ስር አውጥቶ አቃንቶ አስቀመጠልኝ።

«ሴት ልጅ በዚያ ቁልቁለት?» ያሉትንም ጽፈሻል። እውነት ለመናገር እኔም ያን ቅዳሜ ስትወስጂኝ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሁለተኛው ላይ ገለጥኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት መንገዱን ሳይሆን ማርሽ አቀያየርሽን ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ እንዳትይዢው፤ በከባድ ማርሽ ያዢያት። ሌላ የማስተምርሽ የለኝም። ለኮሚቴው የሹፌርነቱን ሥራ ለቅቄልሻለሁ ብዬ ጽፌ በገብረአማኑኤል እጅ ልኬአለሁ።

ሐሙስ ለት እዚህ ድረስ መጥተሽ ሳትጠይቂኝ በመመለስሽ ይቅርታ ለምነሻል። ልጄ፣ እኔ አይቼሻለሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበርና አስቀድሞ የመጣው መብራትሽ ነው፤ ከዚያ መኪናዋ ወጣች። ምጥ የያዛትን ሴት ደግፈሽ አስገባሽ። ወጥተሽ ወደ ፎቁ ቀና አልሽ። እጄን አወዛወዝኩልሽ፣ አላየሽኝም። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ የሆነ ነገር ነገረሽ፤ ታች ቆላ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ እንደነበር አሁን ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። አንዴ ወደ ደረጃው፣ አንዴ ወደ መኪናዋ አየሽ። ከዚያ ገብተሽ አስነሳሻትና ወደ አንኮበር አዞርሻት።

አጠገቤ የተኛው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። «ማናት ይቺ ልጅ?» አለኝ።

«ሹፌራችን ናት» አልኩት።

አባትሽ ዓብዱራህማን